አያት ይቆይ፣ አክስት ትውጣ

እታገኘሁ ዘነበ ዕድሜዋ ሠላሳን እስኪያልፍ ድረስ አያት የሚባል ነገር ያስፈልገኛል ብላ አስባ አታውቅም። ሳሙና ያስፈልጋታል። ውሃ ያስፈልጋታል፤ ጅጅጋ ላይ ውሃ የማያስፈልገው ማን አለና! ደህና የፕላስቲክ ጫማ ቢገኝም አትጠላም። አያት ግን ምን ይሠራላታል? አንሶላ ለማጠብ ክንድ እንጂ አያት አይጠየቅም።

የምታጥበው የጓዶችን አንሶላ ነው። ከሐረርና ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጡ ሰዎች በሚያርፉበት የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ነበር የምትሠራው። ጠዋት አጥባ ታሰጣለች፤ ረፋድ ላይ የጅጅጋ ነፋስ የአገሩን አቧራ ሰብስቦ ይመጣና አንሶላው ላይ ያራግፈዋል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ታጥባለች። "እኔና ነፋሱ ባልደረቦች ነን" ትል ነበር ለሚሰማት ሁሉ፤ "ልዩነታችን እሱ ቋሚ፣ እኔ ጊዜያዊ መሆናችን ነው።"

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጊዜያዊ ሆና ስትገባ ግቢው ውስጥ የተተከሉት ችግኞች አድገው ጥላ ሰጥተዋል፤ ባለሥልጣኖች ወንበር አስወጥተው ጥላቸው ሥር ይቀመጣሉ። እሷ ግን አሁንም ጊዜያዊ ናት። በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ትሰናበታለች፤ ሐምሌ ሲገባ እንደገና ትቀጠራለች። በሁለቱ መሃል ያለችውንም ሌሊት የምታድረው እዚያው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለችው ክፍሏ ነው። በዚያች ሌሊት የማን ሠራተኛ እንደሆነች ማንም አጣርቶ አያውቅም።

በ1980 ዓ.ም. ግን ጊዜያዊ የሚባለው ነገር ቀረ ተባለ። ከሐምሌ ጀምሮ አንድ ቋሚ ልብስ አጣቢ ብቻ ይኖራል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። አንድ! ያ አንድ እሷ ካልሆነች ሥራውም ክፍሏም የሌላ ሰው ነው። ታዲያ ወዴት ትሂድ? አዲጋላ እንዳትል፣ አዲጋላ ማን አላት?

አዲጋላ የተወለደችበት ነው። ባቡር ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል፤ የቀረው ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። አባቷ ዘነበ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ከደጋ መጥቶ እዚያ የቀረ ዝምተኛ ሰው። "ከየት ነው የመጣኸው?" ሲሉት "ከላይ" ይላል። "አባትህ ማን ይባላሉ?" ሲሉት "ሞተዋል" ይላል። ከዚህ በላይ ሳይናገር እሱም ሞተ። እናቷም ብዙ አልቆየችም። እታገኘሁ ጣቢያው አጠገብ ባሉ የሶማሌ ጎረቤቶች ቤት አደገች፤ ሶማሊኛው ከአማርኛዋ እኩል አፏ ላይ ተቀመጠ። ኋላ አንድ የመምህር ቤተሰብ ለሞግዚትነት ጅጅጋ አመጣት። መምህሩ ተዛወረ፣ እሷ ቀረች። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከከተማው ሕዝብ ጋር ተሰደደች፣ ከከተማው ሕዝብ ጋር ተመለሰች። የሕይወት ታሪኳ ይኸው ነው። እኔ በዚህ በአንድ አንቀጽ ጨርሼዋለሁ፤ ኮሚቴው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጠግብ አልነበረም።

ማስታወቂያው "አመልካቾች ሙሉ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ያቅርቡ" ይላል። ሙሉ ማለት ምን ያህል ነው? ይህን የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ ጠፋ። ወይም ሁሉም ያውቃል፤ አንዱ የሚያውቀው ግን ከሌላው አይገጥምም።

መዝገብ ቤት የሚሠራው ደረጄ በሹክሹክታ መከራት። "አጭር ይሁን። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የሠራሽበት ዘመን፤ በቃ። ሌላው የግልሽ ነው። የግልሽን አውጥተሽ የሰው ጠረጴዛ ላይ ምን አስቀመጠሽ?"

እታገኘሁ በመሠረተ ትምህርት ያገኘችውን ትልልቅ ፊደል ተጠቅማ እንዳላት ጻፈች። ወረቀቱ ለቅጥር ኮሚቴው ሊቀመንበርና ለማረፊያው አስተዳዳሪ ለጓድ አምሀ ደረሰ። ጓድ አምሀ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ሰው ነው። ፈሪ ሰው ደግሞ ወረቀት ይወዳል። ወረቀቷ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰ፦ "አጭር ነው። ያልተጻፈ ነገር የተደበቀ ነገር ነው።"

"አላልኩሽም!" አለች ወጥ ቤት የምትሠራው እትዬ እናትአለም፤ ቀድሞ ግን ምንም አላለቻትም ነበር። "እኔ ስቀጠር ራዲዮ እንዳለኝ ሳልጽፍ ቀርቼ ጉዴ ፈላ። 'ለምን ደበቅሽው? ምን ታዳምጪበታለሽ?' ብለው ቁም ስቅሌን አሳዩኝ። ራዲዮው እኮ አይሠራም፤ የበርበሬ ዕቃ ማስቀመጫ ነው ያደረግኩት! ልጄ፣ ሁሉን ጻፊ። እነሱ ይምረጡ።"

እታገኘሁም ሁሉን ጻፈች። ጽፋ ጽፋ የደብተሩን ወረቀት ጨረሰችው። ከባቡር መስኮት የወደቀ ብርቱካን አንስታ መብላቷን ጻፈች። ግራ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ ካሮት እንደማትወድ፣ ስትተኛ ታንኮራፋለች እንደሚሏት፣ እሷ ግን ሰምታው እንደማታውቅ ጻፈች። በስደቱ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ አንድ ሾፌር አጭቷት፣ ሲስቅ ደስ ስላላላት እንደተወችው ጻፈች። "የሥራ ልምድ" በሚለው ሥር ደግሞ የየክፍሉን አንሶላ ጠባይ ዘረዘረች፤ ጓድ አምሀ ከባለቤታቸው ጋር ሲጣሉ አራት ቁጥር ክፍል እንደሚያድሩና በፀጉራቸው ቅባት የተነሣ የትራሳቸው ልብስ ሁለት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ይህንንም በደስታ እንደምትሠራ በትሕትና ገለጸች።

ቀዩ እስክሪብቶ በዚህኛው ላይ ወረቀቱን ሊቀድ ትንሽ ቀርቶት ነበር። "የጠየቅነው የአመልካችን የሕይወት ታሪክ እንጂ የኮሚቴውን አይደለም። የግል ጉዳይ አይካተት። የአያት ስም ግን የለም። ይካተት።"

"አያት ከግል ጉዳይ አይቆጠርም እንዴ?" አለችው ደረጄን።

"አይቆጠርም። አያት የመደብ ጉዳይ ነው። አባትሽ ሐዲድ ጠጋኝ ስለሆነ ወዝ አደር ነው፤ ጥሩ። አያትሽ ግን ባላባት ቢሆኑስ? በምን ይታወቃል?"

"እኔ ስማቸውን አላውቅም፣ ባላባትነታቸውን ከየት አመጣለሁ?"

"ስም ከሌላቸው ማመልከቻው አይታይም፤ ባዶ ቦታ ላይ ማኅተም አይመታም።" ደረጄ ይህን ሲል አዝኖላት ነበር፤ የጽሕፈት መኪናውን ሽፋን አንስቶ መልሶ አለበሰው፤ የሚያደርገው ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል።

በማግሥቱ ጠዋት ካልቱን ወተት ይዛ ስትመጣ እታገኘሁን የልብስ ማጠቢያው ደፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ካልቱን ለማረፊያው የግመል ወተት የምታቀርብ ሴት ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ምላሷም ከቁመቷ የማያንስ። ሁለቱ የሚያወሩት በሶማሊኛ ነው።

"ምን ሆነሻል? ሰው ሞተብሽ?"

"አያት የለኝም።"

ካልቱን ወተቱን አስቀመጠች። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ለካልቱን ግን ራስ የለኝም ከማለት አይተናነስም። በእሷ ወገን ልጅ እንደ ልቡ ሳይሮጥ በፊት የአባቶቹን ስም በተርታ መቁጠር ይማራል። የማያውቁት ሰው ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ቆጥሮ ያስረዳል፣ የሚገናኙበት አባት ጋር ሲደርሱ ይተቃቀፋሉ ወይም ይጣላሉ።

"አያት የሌለው ሰው የለም" አለች ካልቱን። "ጠፍቶብሽ ነው።"

"ጠፋም አልጠፋም፣ የምጽፈው ስም የለኝም። ሰኔ ሲያልቅ እወጣለሁ።"

ካልቱን ሰው ጨው ሲያበድር እንደሚለው "የኔን ውሰጂው" አለች።

"ምኑን?"

"አያቴን። ዋርሳሜን። የልጅ ልጆቹን ራሱም ቆጥሮ አይጨርሳቸውም ነበር፤ አንቺ ብትጨመሪ አይጠበውም። ደግሞስ፣ የአባቴ ስም ማን ነው?"

"ሮብሌ።"

"ሮብሌ ማለት በዝናብ የተወለደ ማለት ነው። ያንቺስ አባት?"

"ዘነበ።"

"ታዲያ ሁለት ወንድማማች ዝናብ ላይ ቢወለዱ ምን ይገርማል? ወላሂ፣ ይኼ ዝምድና ድሮም የነበረ ሳይሆን አይቀርም!"

እታገኘሁ ሳቀች፤ ካልቱን ግን አልሳቀችም። አያት መውሰድ እንዲህ ስም ቆርጦ መለጠፍ እንዳልሆነ አስረዳቻት። ዋርሳሜን የወሰደ አባቱን ሂርሲን ይወስዳል፣ ከሂርሲም ጉሌድን፣ ከጉሌድም ዓባነን፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ላይ። ለአንዱ መጥፎ ቀን ቢመጣ ሌላው ዘመድ ነኝና ይደርሳል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለቤተሰቡ ትልቅ ይነገራል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ የተወሰደ አያት ስርቆት ነው። የቤተሰቡ ትልቅ የዋርሳሜ ልጅ ኢዲል ናት፤ ለካልቱን "ኤዶ"፣ የአባቷ እህት ማለት ነው። ኤዶ ኢዲል ያለችው ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ ነው።

መልእክቱ በቶጎጫሌ በኩል ጨርቅና ሻይ ቅጠል በግመል ለሚያሻግሩ ሰዎች በቃል ተነገረ፦ ጅጅጋ፣ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ የምትሠራ፣ ዘነበ የሚባል የወንድምሽ ልጅ አለችልሽ፤ ትቆጠር ወይ? እታገኘሁ አንሶላ በጠመዘዘች ቁጥር ካልቱን እያስቆጠረቻት ሰነበተች። "ዘነበ፣ ዋርሳሜ፣ ሂርሲ፣ ጉሌድ..." እያለች ሁልጊዜ ዓባነ ላይ ስትደርስ ይጠፋባታል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ መልስ መጣ፤ አንድ ቀይ ሻሽና አጭር ቃል፦ "ትቆጠር። ግን ስትቆጥር አታድበስብስ።"

እታገኘሁ ሻሹን ክፍሏ ገብታ አሰረችው። አክስት ከሩቅ የላከችላት ሻሽ! መስታወት ስላልነበራት በመስኮቱ መስታወት እያየች ብዙ ቆየች። ከዚህ በፊት ዕቃ ልኮላት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ጓድ አምሀ መሃል ተቀምጧል፤ አጠገቡ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ኬሪያ አለች፤ ደረጄ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

"እታገኘሁ ዘነበ ዋርሳሜ" ብሎ አነበበ ጓድ አምሀ። ቀና ብሎ አያት። እንደገና አነበበ። "ዋርሳሜ?"

"አዎ ጓድ።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልጻፍሽውም?"

"የግል ጉዳይ አይካተት ስላሉ።"

ወይዘሮ ኬሪያ ሳሏን በመሐረብ አፈነች፤ ሳል መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

"ሥራቸው ምን ነበር?"

"ግመል አርቢ።"

"ስንት ግመል ነበራቸው?"

ካልቱን በኩራት የነገረቻትን አስታውሳ "ብዙ" አለች። ጓድ አምሀ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ። "ብዙ ከሆነ ከበርቴ ናቸው።"

"በድርቅ አለቁ።"

"ሁሉም?"

"አንዲት አንካሳ ቀረች።"

"እንዲህማ ከሆነ ጭቁን አርብቶ አደር ናቸው" አለና ጻፈ። "አንካሳዋን አልጽፋትም።"

ከዚያ እታገኘሁ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ጓድ አምሀ ፈገግ አለ። ለካስ ከበላይ አካል "ከአካባቢው ብሔረሰብ ምን ያህል ሠራተኛ አላችሁ?" የሚል ደብዳቤ በተደጋጋሚ ደርሶት፣ መልስ አጥቶ እንቅልፍ ነስቶት ኖሯል። ዘበኛው ጋሽ ወልደሥላሴ እንኳ የመንዝ ሰው ናቸው።

"ጓድ" አለች ወይዘሮ ኬሪያ፣ "ሶማሌ ከተፈለገ ወተት የምታመጣልን ካልቱን አለች አይደል?"

"ካልቱን የሕይወት ታሪክ አላስገባችም" አለ ጓድ አምሀ። በዚህም ነገሩ ተዘጋ።

ሊፈርም እስክሪብቶ ከቀየረ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና ፊቱ ጠቆረ። እታገኘሁ ያልተጻፈ ነገር የተደበቀ ነገር ነው የተባለችውን አልረሳችም፤ "በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ" በሚለው ሥር በትልልቅ ፊደል "አክስቴ ኢዲል ዋርሳሜ፣ ሐርጌሳ። ሻሽ ልካልኛለች" ብላ ነበር።

ጓድ አምሀ ወረቀቱን ከራሱ አራቀው። በዚያን ጊዜ ከድንበሩ ማዶ ዘመድ አለኝ ማለት ምን እንደሚያመጣ ከሱ በላይ የሚፈራ አልነበረም። "ይቺ መውጣት አለባት" አለ።

"ዋርሳሜም?"

"አይ፣ አይ! ዋርሳሜ ይቆዩ። አያት ይቆይ፣ አክስት ትውጣ።"

"አክስቴ እኮ የሳቸው ልጅ ናት።"

"እሳቸው ሞተዋል ብለሽ ጽፈሽ የለም? የሞተ ሰው ጥያቄ አያስነሣም። እሷ ግን በሕይወት አለች፤ ችግሩ እሱ ነው።" አክስት ያለችበትን መስመር በቀይ ሰረዘና የወረቀቱን ባዶ ጀርባ ገልብጦ አቀረበላት። "'በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የለኝም' ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። ዛሬውኑ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልፈለግሽ ደግሞ ሰኔ ሲያልቅ ትወጫለሽ።"

እታገኘሁ ክፍሏን አሰበች። አዲጋላ ጣቢያ ላይ ባቡር እስኪያልፍ የሚጠብቁትን ሰዎች አሰበች። አክስት የተባለችው አይታት የማታውቅ ሴት ናት፤ እሷንም ያገኘቻት በወተት ሻጭ ደግነት ነው። ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረችና ፈረመች። ደረጄ ማኅተሙን መታ። ኬሪያ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለቻት። እሷ ግን ደስ አላላትም፤ ክፍሏ ገብታ ሻሹን ፈታችና ፍራሹ ሥር ከተተችው።

ለካልቱን ሳትደብቅ ነገረቻት። ካልቱን ሰምታ ሰምታ፣ "ዋርሳሜን መልሺልኝ" አለች።

"ምን?"

"አያቴን መልሺልኝ! ልጁን ከካደ ሰው ጋር አይኖርም።"

"ካልቱን፣ አሁንማ አይመለስም" አለች እታገኘሁ፤ "ማኅተም ተመቶበታል።"

ካልቱን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወተቱን ለእናትአለም ሰጥታ በልብስ ማጠቢያው በኩል ሳታልፍ ትሄድ ጀመር። እታገኘሁ ቋሚ ሆነች። ነፋሱም እንደ ወትሮው ይመጣል፤ አሁን እኩል ናቸው፤ የሚስቅላት ሰው ስለሌለ ግን ቀልዱን ተወችው።

በዚያው ሰሞን ከቶጎጫሌ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ሸቀጥ መጫን ትተው ሰው ይጭኑ ጀመር። ሐርጌሳ ላይ ጦርነት ተነሣ፣ ከተማውን አውሮፕላን ደበደበው ተባለ። መኪና ያላገኘው በእግሩ መጣ። ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ባዶ ጀሪካን የያዘ ሰው በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ያልፋል። ካልቱን ወተቷን አድርሳ በቀጥታ ወደ መኪናዎቹ ትሄዳለች፤ የእያንዳንዱን አሮጊት ፊት ታያለች። እታገኘሁም ከአጥሩ ውስጥ ሆና ታያለች፤ ማንን እንደምታይ ግን አታውቅም፤ የምትፈልጋትን ሴት መልክ አይታው አታውቅምና።

አንድ ቀን ጠዋት ጓድ አምሀ ግቢው መሃል ቆሞ ለእንግዶች የሚሰጡትን ክፍሎች ሲደለድል፣ ጋሽ ወልደሥላሴ ከበሩ ላይ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ሳይቆጥቡ ተጣሩ።

"እታገኘሁ! ኧረ እታገኘሁ! ከውጭ አገር አክስትሽ መጥታለች!"

እናትአለም ጭልፋ እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጣች። እታገኘሁ እጇ ሳሙና እንደሆነ መጣች። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት በትር ተደግፋ ቆማለች፤ ጫማዋ በአንድ እግሯ ብቻ ነው፤ ሌላው እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የካልቱንን ጎጆ በከተማው ውስጥ ማን ያሳያታል? የመንግሥት እንግዳ ማረፊያን ግን የማያውቅ የለም፤ መልእክቱም እዚያ ያለችውን የዘነበ ልጅ ነበር የሚለው። ካልቱንም በዚያው ሰዓት ወተት ይዛ ደረሰችና አሮጊቷን ስታይ ወተቱን መሬት ላይ ጥላ ተጠመጠመችባት።

ጓድ አምሀ ዝግ ብሎ መጣ። "ይቺ ማን ናት?"

"አላውቃትም" የምትለው ቃል የእታገኘሁ ምላስ ላይ ነበረች፤ ቀላል ቃል ናት፤ ውሸትም አይደለችም። ካልቱን ዞራ አየቻት። አሮጊቷም አየቻት።

"አክስቴ ናት" አለች እታገኘሁ።

"በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የለኝም ብለሽ ፈርመሻል! በእጅሽ!"

"ፈርሜያለሁ ጓድ። የለኝምም። ይቺው፤ እዚህ ናት።"

ደረጄ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ብቅ ብሎ ነበር፤ ፈጥኖ ተመለሰ። "በፈረምሽበት ቀን ግን የት ነበረች?" አለ ጓድ አምሀ በመጨረሻ፤ የሚይዘው ነገር ያገኘ መስሎት።

እታገኘሁ ጥያቄውን በሶማሊኛ ለአሮጊቷ አደረሰችላት። ኤዶ ኢዲል በትሯን ወደ መጣችበት ዘረጋች።

"መንገድ ላይ" አለች። "መንገዱ የማን አገር እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።"

እታገኘሁ እንደ ወረደ ተረጎመችለት። ጓድ አምሀ የአሮጊቷን እግር አየ። እሱም በፊተኛው ጦርነት ጊዜ ከዚህ ከተማ በእግሩ ወጥቶ ነበር፤ ይህን በራሱ የሕይወት ታሪክ ላይ ጽፎት እንደሆነ አላውቅም። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ መልሶ ከደነ።

"አክስትሽ በሕይወት ታሪክሽ ውስጥ አለች?"

"የለችም። አውጫት ብለውኝ አወጣኋት።"

"እንግዲያው ያልተጻፈ ነገር እኔን አይመለከተኝም" አለና ወደ ቢሮው ሄደ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ሳይዞር "እናትአለም! ሻይ የለም እንዴ?" ብሎ ተቆጣ፤ ሻዩ ለማን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

እናትአለም ሻዩን ለአሮጊቷ አመጣች። ኤዶ ኢዲል ብርጭቆውን ተቀብላ አልጠጣችም።

"ቁጠሪ" አለቻት እታገኘሁን።

እታገኘሁ የሳሙና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። "እታገኘሁ ዘነበ፣ ዋርሳሜ፣ ሂርሲ፣ ጉሌድ..." አለችና ቆመች። ጠፋባት። ካልቱን ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ግን አልረዳቻትም።

"ዓባነ" አለች አሮጊቷ።

"ዓባነ" አለች እታገኘሁ።

"ሻሹስ?"

"ታጥቦ ነው" ብላ ዋሸች። ካልቱን ፍራሹ ሥር እንዳለ የምታውቅ ይመስል ፊቷን አዞረች።

ኤዶ ኢዲል ብርጭቆውንና በትሩን ለካልቱን ሰጠችና በሁለት እጇ የእታገኘሁን ፊት ያዘች፤ ወደ ብርሃኑ መለሰችው፤ ግራና ቀኝ እያገላበጠች ብዙ መረመረችው። "ጆሮዋ" አለች ለካልቱን። "የአባትሽ የሮብሌ ጆሮ ነው። አየሽው?"

እታገኘሁ ይህ ሊሆን እንደማይችል ታውቃለች። አያቷ ዋርሳሜ እንዳልሆነ፣ አባቷ ከደጋ የመጣ ሐዲድ ጠጋኝ እንደነበረ ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች። ግን በሕይወቷ ሙሉ ማንንም ትመስያለሽ ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እዚያው በሩ ላይ፣ ጋሽ ወልደሥላሴ እያዩ፣ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ካልቱንና ኤዶ ኢዲል በእታገኘሁ ክፍል ውስጥ አረፉ። እታገኘሁ ያልጨረሰችው አንሶላ ስለነበራት ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመለሰች። ውሃው በገንዳው ውስጥ ረግቶ ነበር፤ ጎንበስ ብላ አንገቷን እያዞረች ጆሮዋን ልታየው ሞከረች፤ አልታይ ሲላት በእጇ ዳሰሰችው።